አበበ ቢቂላ የሮጠውም ያቆመውም

በዚህ ጽሑፍ የማወራችሁ ሁላችሁም ስለምታውቁት ሰው፣ ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ገና ስሙን ስጠራ አንዳንዶቻችሁ ገጹን ልትገልጡት እንደምትችሉ ይገባኛል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ መሮጡን ከአንደኛ ክፍል ጀምረን ስንሰማው ኖረናል፤ ከዚህ በላይ ምን ቀረ ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገር ግን ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ እግሬ ላይ የደረሰ ነገር ታሪኩን እንደ አዲስ እንዳነበው አስገደደኝ። ሳነበው ለካ እስካሁን ሲነገረኝ የኖረው ግማሹ ብቻ ነበር። ያልተነገረኝ ግማሽ ደግሞ ለእኔ ይበልጥ የሚያስፈልገኝ ነበር።

እኔ ያደግኩት ገርጂ ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ተነስቼ በኢምፔሪያል በኩል ወደ ቦሌ መንገድ እወጣና መኪና ሳይበዛ ሮጬ እመለስ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን በመገናኛ፣ በኮተቤና በካራ በኩል ወደ ሰንዳፋ እንሄዳለን። በዚህ በምሥራቁ የከተማችን ክፍል ያደገ ሰው ሯጭ ማየት ብርቁ አይደለም። ሲኤምሲ፣ አያት፣ ኮተቤ፣ ለገጣፎ ማለዳ ብትወጡ ቱታ የለበሰ ወጣት ታያላችሁ። ከመገናኛ ወደ ኡራኤል የሚወስደው ጎዳና ራሱ የኃይሌ ገብረሥላሴ ስም ተሰጥቶታል። ድሮ ይህ መንገድ የአሥመራ መንገድ ይባል ነበር፤ ምክንያቱም ተከትላችሁት ብትሄዱ በኮተቤ ወጥቶ፣ በሰንዳፋና በሸኖ አልፎ፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ሰሜን ይወስዳችሁ ነበር። ይህን መንገድ አስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ክለብ ምልመላ ሊያደርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የግራ ቅልጥሜን በውስጠኛው ጎን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ሩጫ ስጀምር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሮጬ ስጨርስም፣ ከዚያ ማታ ስተኛም ያመኝ ጀመር። በጣት ሲነኩት አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ያቃጥላል። ያን ጊዜ ያሠለጥኑን ለነበሩ ሰው ነገርኳቸው። እሳቸውም አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ በወሩ ኦሎምፒክ ማሸነፉን አስታወሱኝና ለአንድ ቅልጥም እንዴት እሸነፋለሁ አሉኝ። አልፈርድባቸውም፣ ለእኔው ብለው ነው። እኔም አመንኳቸው። ከሰፈር አንድ ክሊኒክ ገብቼ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወጋሁ፣ ኪኒንም ገዛሁ። በውድድሩ ቀን ምንም ሳያመኝ 10 ኪሎ ሜትር ጀመርኩ። ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግሬ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰማኝ፤ ሕመም ግን አልነበረም። ዘጠነኛ ወጥቼ ጨረስኩ። በማግስቱ ከአልጋ ወርጄ መሬት መርገጥ አቃተኝ። ራጅ ስነሳ አጥንቴ ተሰንጥቋል። ስምንት ሳምንት በክራንች፣ አምስት ወር ያለ ሩጫ። ምልመላውም ቀረ።

እነዚያን አምስት ወራት ቤት ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ስለ አበበ ነበር። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ያነበብኩት በንዴት ነው። እሱ እንዴት ቻለ? እኔስ ምን ጎደለኝ? የሚል ጥያቄ ይዤ ነው።

ከጃቶ እስከ ክቡር ዘበኛ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1932) በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ በሚባል የገጠር መንደር ነው። የሚገርመው በዚያው ቀን በሎስ አንጀለስ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። እርግጥ የጃቶ ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ልጅነቱ እንደማንኛውም የገጠር ልጅ ነው፤ ከብት መጠበቅ፣ ሩቅ መሄድ፣ በባዶ እግር መኖር። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጣና በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ።

እዚያ ያገኘው ሰው ሕይወቱን ለወጠው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የክቡር ዘበኛ ስፖርተኞችን ያሠለጥን ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስምር። ስለ አበበ ሲወራ ብዙ ጊዜ በተፈጥሮው ብቻ የሮጠ፣ አንድ ቀን ድንገት ከገጠር ተነስቶ ዓለምን ያሸነፈ ሰው ተደርጎ ነው። እውነቱ ግን ሥልጠናው በዕቅድ የሚመራ መሆኑ ነው። ረጅም ሩጫ ነበረው፣ ፍጥነት የሚለካበት ልምምድ ነበረው፣ ዳገት ነበረው። ሮም ከመሄዱ በፊት ኒስካነን በጫማም ያለ ጫማም እንዴት እንደሚሮጥ አይቶታል።

ሮም፦ ባዶ እግሩ በድንገት አልነበረም

የሮም ማራቶን የተካሄደው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነው። በእኛ ሲቆጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። በሙቀቱ ምክንያት ውድድሩ ቀኑ ከመሸ በኋላ እንዲያልቅ ተደርጎ ነበር፤ የመጨረሻውን መንገድ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። አበበ ለውድድሩ የተገኘው ጫማ አልተስማማውም፣ እግሩን ላጠው። ስለዚህ እሱና አሠልጣኙ ተመካክረው በባዶ እግሩ እንዲሮጥ ወሰኑ።

ልብ በሉ፤ ይህ ውሳኔ ለእኛ የተተረከልን እንደ መሥዋዕትነት ነው። ነገሩን በሠለጠነ ዓይን ካየነው ግን ውሳኔው ሰውነቱን ከጉዳት የሚያድን ነበር። የማይስማማ ጫማ 42 ኪሎ ሜትር እግርን ይበላል፤ ከልጅነት ጀምሮ የጠነከረ የእግር መዳፍ ግን የለመደውን ያደርጋል። አበበ በዚያ ምሽት ከሰውነቱ ጋር አልታገለም። ሰውነቱ የሚያውቀውን መረጠ።

ከሞሮኮው ራሕዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሮጠው ከመጨረሻው መስመር ብዙም ሳይርቁ ከአክሱም ተዘርፎ በተወሰደው ሐውልት አጠገብ ሲደርሱ አበበ ጥሎት ሄደ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ላይ ገባ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ራሕዲ 25 ሰከንድ ዘግይቶ ደረሰ። አበበ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ ኦሎምፒኩ ካለቀ ከሳምንት በኋላ ሌላ ውድድር ተጀምሮ ነበር። ከ23 አገሮች የመጡ 400 የሚሆኑ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ስፖርተኞች ሮም ላይ ተገናኙ፤ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው እሱ ነው። አበበ ያን ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሷል። ከአሥር ዓመት በኋላ ከነዚህ ሰዎች አንዱ እንደሚሆን ማን ሊያስብ?

ቶኪዮ፦ ሁሉም የሚጠቅሰው ተአምር

ከሮም በኋላ አበበ በ1961 እ.ኤ.አ. በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺሴ አሸነፈ። በ1963 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ ብርዱና ነፋሱ አስቸግሮት አምስተኛ ወጣ። ከዚያ ቶኪዮ መጣ።

ከውድድሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት አበበ በልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን ክፉኛ አመመው። ትርፍ አንጀቱ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ቶኪዮ ላይ መነሻው መስመር ላይ ሲቆም ከተቀደደ ስድስት ሳምንት አላለፈውም ነበር። ዛሬም ቢሆን በዚያ ዓይነት ሰፊ ቀዶ ሕክምና ያለፈ ሰው የሆድ ጡንቻው እስኪጠግን ድረስ ለሳምንታት ከባድ ነገር እንዳያነሳ ይነገረዋል። አበበ ግን ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1964) በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። እንደገና በዓለም ላይ ከዚያ በፊት ያልታየ ሰዓት ነበር። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ የደረሰው ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። አበበ ሜዳው ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር፤ ሕዝቡ ገና ሌላውን ሯጭ ይጠብቅ ነበር። ማራቶንን በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እንግዲህ የእኔ አሠልጣኝ የነገሩኝ ይህን ነው። ውሸት አይደለም። ግን እንዴት ሆነ? ብዬ ስጠይቅ ነገሩ ይለያል። የአበበ ሕመም ትርፍ አንጀቱ ነበር፤ ወጥቷል። ቁስሉ በሐኪም ተሰፍቷል፣ በየቀኑ እየዳነ ነው። ወደ ልምምድም የተመለሰው ቀስ እያለ ነው። ለዓመታት ያካበተው የልብና የሳንባ አቅም ደግሞ በጥቂት ሳምንት ዕረፍት ተጠራርጎ አይጠፋም፤ ይህን በክፍል ውስጥ ተምረነዋል። በአጭሩ አበበ ቶኪዮ ላይ የሮጠው የታከመና በመዳን ላይ ያለ ሰውነት ይዞ ነው። እኔ የሮጥኩት ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተሰነጠቀ ያለ አጥንት ይዤ ነው። ሁለቱም መሥዋዕትነት ይባላሉ፤ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ደግሞም ቶኪዮ ለሁሉም አይሠራም። ከአበበ በፊት የነበረው ታላቁ የቼክ ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ሜልቦርን ኦሎምፒክ የሄደው የሆድ እበጥ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሦስት ወርቅ የወሰደው ሰው ያን ቀን ስድስተኛ ወጣ። ስድስተኛ መውጣቱ ራሱ ጀግንነት ነው፤ ግን ልምምድ ቦታ ላይ ማን ይጠቅሰዋል? የምንጠቅሰው የተሳካለትን ብቻ ነው።

ከቶኪዮ የማልረሳው ሌላም ሰው አለ። ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ አበበን ተከትሎ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ገባ፤ ሂትሊ በመጨረሻው ዙር ቀደመውና ሦስተኛ ሆነ። በገዛ ሕዝቡ ፊት መቀደሙ እንደ ዕዳ ከበደው። ለሜክሲኮ ለመድረስ የታመመ ወገቡን ይዞ ሲታገል ቆየ። በታኅሣሥ 1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1968) በ27 ዓመቱ የራሱን ሕይወት አጠፋ። የነሐስ ሜዳልያ የወሰደ ሰው ነው እንግዲህ። ሰውነት እንቢ ሲል ጉዳዩ የሰውነት ብቻ ሆኖ እንደማይቀር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ሜክሲኮ፦ ማንም የማይጠቅሰው ቀን

አበበ ከቶኪዮ በኋላም ማሸነፉን አላቆመም። በ1966 እ.ኤ.አ. በስፔን ሳራውትስና በኮሪያ አሸንፏል። በ1967 እ.ኤ.አ. ግን እዚያው ሳራውትስ ላይ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎድቶ ውድድሩን ሳይጨርስ ቀረ። ያን ጊዜ ዕድሜው 35 ሊሆን ተቃርቧል። እግሮቹ እንደ በፊቱ አልነበሩም።

ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ለሌላው ዓለም የሚከብድ፣ ለእኛ ልጆች የሚመች አየር ነው። አበበ ሦስተኛውን ወርቅ ሊወስድ ነው ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ነገር ግን ከውድድሩ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው የግራ እግሩን አመመው። ሲመረመር ከሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ቀጭኑ ላይ ስብራት ተገኘ። እስከ ውድድሩ ቀን እግሩን እንዲያሳርፍ ተነገረው።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ግራ እግር። ቅልጥም። ከውድድር በፊት። አበበ በእኔ ቦታ የቆመበት ቀን ነበር ማለት ነው፤ ያን ቀን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1968) አበበ ከነስብራቱ ተነሳ። ወደ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ። ከዚያ አቆመ። በሦስት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንገዱ ወጣ። ውድድሩን ማሞ ወልዴ ቀጠለው። ማሞ ከጥቂት ቀናት በፊት በ10 ሺህ ሜትር ብር ወስዶ ነበር፤ ማራቶኑን ደግሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን ከ3 ደቂቃ በላይ ጥሎ አሸነፈ። ወርቁ ለሦስተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ገባ።

አንዳንድ ሰው አበበ መጀመርም አልነበረበትም ይላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ የተሰበረ አጥንት ለ16 ኪሎ ሜትርም አይሮጥበትም። ግን የእሱን መንገድ ከእኔ ጋር ሳስተያየው አንድ ልዩነት አያለሁ። እሱ ሰውነቱ ሲናገር ሰማ። በእሱ ላይ የነበረው ክብደት የአገር ክብደት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሕዝቡ፣ ጋዜጣው፣ የዓለም ዓይን ሁሉ። በእኔ ላይ የነበረው የአንድ ክለብ ምልመላ ነው። እሱ በ16ኛው ኪሎ ሜትር ማቆም ከቻለ እኔ በሰባተኛው ማቆም ነበረብኝ። ያልቻልኩት ጀግና ስለሆንኩ ሳይሆን መርፌው ጆሮዬን ስለደፈነው ነው።

ስለ አጥንቱ በአጭሩ ላስረዳ። በሩጫ የሚመጣ ስንጥቅ በአንድ ቀን የሚሆን ስብራት አይደለም። አጥንት በየቀኑ በጥቂቱ ይጎዳል፣ በዕረፍት ጊዜ ደግሞ ራሱን ይጠግናል። ጉዳቱ ከጥገናው ሲበልጥ በጣም ቀጭን ስንጥቅ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ያለን ማስጠንቀቂያ ሕመሙ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ራጅ እንኳ ላያሳየው ይችላል። ማስታገሻ ስንወስድ ስንጥቁ አይድንም፣ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። ቀድሞ የታወቀ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕረፍት ሊበቃው ይችላል። ያልታወቀው ግን ሙሉ ስብራት ሊሆን ይችላል።

ሸኖ

አሁን ወደዚያ መንገድ ልመለስ። አበበ ከቶኪዮ በኋላ ቮልስዋገን መኪና ተሸልሞ ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 1969) ማታ፣ ከሜክሲኮ በኋላ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ሸኖ አካባቢ መኪናው ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ እዚያው ተይዞ አደረ። አንገቱ ላይ ያለው አከርካሪው ተጎድቶ ነበር። መጀመሪያ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አልቻለም።

ከሳምንት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የአከርካሪ ጉዳት ክፍል ያቋቋሙበት ነው። እሳቸው በ1948 እ.ኤ.አ. የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት ለሕሙማኖቻቸው በሆስፒታሉ ግቢ የቀስት ውድድር አዘጋጅተው ነበር፤ ሮም ላይ የነገርኳችሁ የ1960ው ውድድር ከዚያ የመጣ ነው። አበበ እዚያ ስምንት ወር ቆየ። እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ለቅሶ ከአባቴ ጋር ደብረ ብርሃን ስንሄድ በሸኖ አለፍን። አባቴ ሁልጊዜ እዚያ ሲደርስ ዝም ይላል። ምክንያቱን ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ራሱ ነገረኝ። አበበ ሲቀበር ትንሽ ልጅ ነበር፤ አያቴ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሕዝቡን አሳይተውታል። እኔ ደግሞ መስኮቱን እያየሁ የማስበው ሌላ ነበር። አበበ የተወለደበትም፣ እግሩን ያጣበትም፣ እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልምምድ የምንሄድበትም አንድ መንገድ ነው። ሰንዳፋ ላይ ዞረን ስለምንመለስ ብቻ ሸኖን አናየውም።

በክንዶቹ

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ መራራ ብቻ ይሆን ነበር። አላለቀም። አበበ በሐምሌ 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 1970) በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ አካል ጉዳተኞች በሚወዳደሩበት በበረዶ ላይ የሸርተቴ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። የጃቶ ልጅ፣ በበረዶ ላይ! ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ክራንቼ ጎኔ ተደግፎ።

እዚህ ላይ የገባኝን ልናገር። አበበ ኖርዌይ ላይ ያደረገው ሰውነቱን መካድ አይደለም። ሰውነቱ እግር የለኝም ሲለው ያለውን ክንድ ወሰደ። ሮም ላይም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ጫማው እንቢ ሲል ያለውን እግር ወሰደ። ቶኪዮ ላይም የዳነውን ሆዱን ይዞ ሮጠ። ሜክሲኮ ላይ ደግሞ ያ እግር እንደማያደርሰው ሲያውቅ ወጣ። በአራቱም ቦታ አንድ ሰው ነው ያለው፤ ምን እንዳለውና ምን እንደሌለው የሚያውቅ ሰው።

በ1972 እ.ኤ.አ. ለሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት ተጋብዞ በተሽከርካሪ ወንበር ተገኘ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት። የዚያ ዓመት ማራቶን የተካሄደው ሴፕቴምበር 10 ቀን ነው፤ ከሮም ልክ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በእኛ እንደገና የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ነበር፤ ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1973) አበበ በአንጎል ውስጥ ደም ፈሶ በ41 ዓመቱ አረፈ። መነሻው የሸኖው አደጋ ያስከተለበት ችግር ነበር። በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተገኝተዋል።

ለምን ጻፍኩት?

ይህ ነገር በአበበ ዘመን የቀረ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ ሕንጻው የቆመው ኃይሌ ራሱ በ1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ሲያሸንፍ የተረከዝ ጅማቱ ታሞ ነበር፤ በኋላም ቀዶ ሕክምና አስፈልጎታል። በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ያ ጅማት እንደገና አስቸግሮት አምስተኛ ወጣ። እነዚህ ታላላቅ ሰዎች ሐኪም፣ ወጌሻና አሠልጣኝ አጠገባቸው ነበሩ። እኛ ማለዳ ሲኤምሲ ላይ የምንሮጥ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ አጠገባችን ያለው ክሊኒክና መርፌ ነው። ያውም አንድ ምልመላ ካመለጠን ሌላ መቼ እንደሚመጣ ሳናውቅ። ፍርሃቱን እንደ ቀላል አላየውም፤ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ለብዙዎቻችን ክለብ ማለት የቤት ኪራይ ነው፣ ለእናት የሚላክ ገንዘብ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጥታ ያ መርፌ የተወጋሁበት ክሊኒክ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከሩጫ ወደ ሩጫ ቅልጥሟ እየባሰባት ነው፤ ውድድሯ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ደግሞ ምን አለችኝ መሰላችሁ፤ አበበም እኮ ተቀዶ ሮጧል አለችኝ። ክሊኒኩን አልነገርኳትም። ተናደደችብኝ። አጥንቷን ቀድማ እንድትመረመር አብሬያት ልሄድ ብዬ ነበር፣ እስካሁን አልመለሰችልኝም። ይህን የጻፍኩት በመጀመሪያ ለእሷ ነው።

እህቴ፣ የነገርሽኝ እውነት ነው፣ አበበ ተቀዶ ሮጧል። ግን በተሰበረ ቅልጥሙ ሜክሲኮ ላይ ያደረገውንም አንብቢ። ሁለቱንም ያደረገው አንድ አበበ ነው፤ ከመንገድ ሲወጣም ያው አበበ ነበር። ውድድርሽ የሚያልፍ ከሆነ አብሬሽ ሰንዳፋ ድረስ በመኪና እንሄድና ጓደኞችሽን እናበረታታለን። እኔ እግሬ ተሰብሮ ሳለ ማንም አልጋበዘኝም ነበር፤ ቢጋብዘኝ ኖሮ አምስቱ ወር ትንሽ ያጥርልኝ ነበር።